የእጣኑ ጭስ ከየት ይነሣል?

ውድ አንባቢ፣

ይህን የምጽፍልዎ ከሰቆጣ ነው። ቅዳሴ አስቀድሼ ገና መግባቴ ስለሆነ ነጠላዬ አሁንም እጣን እጣን ይላል። የምጽፍልዎም ስለዚሁ ሽታ፣ ስለ ጽናው፣ ስለ ታቦቱ፣ ከኦሪት ወርሰን እስከ ዛሬ በእጃችን ስለያዝናቸው ንዋያተ ቅድሳት ነው። ለዓመታት በልቤ ሲመላለስ የኖረ ነገር አለና፣ እባክዎ ጥቂት ጊዜ ይስጡኝ።

ልጅ ሳለሁ ከሰል አቀጣጥዬ ለዲያቆናቱ አቀብል ነበር። ፍሙ እንዳይከስም እፍ እያልኩ፣ ዓይኔን ጭስ እያቃጠለኝ። የኔታም የጽናውን ምስጢር ያስተማሩን በዚያው ሰሞን ነው። ጽናው የእመቤታችን ማኅፀን ነው፤ ፍሙ መለኮት ነው፤ ሦስቱ ሰንሰለት የሥላሴ ምሳሌ ነው። ይህን በቃሌ ይዤ አደግሁ። እጣኑ ከየት እንደሚመጣ ግን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከሱቅ የሚመጣ ነገር አድርጌ ነበር የማስበው። ዛፉን ያየሁት አድጌ ወደ አበርገሌ ቆላ ስወርድ ነው። አፈር የሌለበት በሚመስል ድንጋያማ ተረተር ላይ ቆሟል፤ ቅርፊቱ እንደ ስስ ወረቀት ይላላጣል፤ በጋ ስለነበር አንድ ቅጠል አልነበረበትም። ግንዱ ላይ በብረት የተፋቀ ቁስል አለ፤ ከቁስሉ ነጭ ዕንባ ወጥቶ ደርቋል። አንዱን ፍሬ አንሥቼ ባሸተትኩት ጊዜ የልጅነቴ መቅደስ መጣብኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የኦሪት ዘጸአትን 25ኛ ምዕራፍ እንደ ድሮው ማንበብ አልቻልኩም። እርስዎም መጽሐፉን አንሥተው ይመልከቱ። እግዚአብሔር ሙሴን ድንኳኑን ሥራ ሲለው ከሕዝቡ የሚሰበሰበውን ዝርዝር ይሰጠዋል። ወርቅና ብር ናስም አለበት፣ ሰማያዊና ሐምራዊ ግምጃ አለበት። ከእነዚህ ጎን ግን የግራር እንጨት፣ የፍየል ጠጉር፣ የበግ ቁርበት፣ እጣን ተዘርዝሯል። የእኛን የዋግን ቆላ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ገና ገበያ የወጣ ይመስለዋል። ግራሩ በተከዜ ወራጅ ሁሉ ላይ ነው። ፍየሉስ ቢሉ፣ የአበርገሌ ፍየል በስሙ የሚታወቅ ዘር ነው። እጣኑ በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሳህላ ተዳፋቶች ላይ ይበቅላል። ድንኳኑን ከውጭ የሸፈኑት አሥራ አንዱ መጋረጃዎች ከፍየል ጠጉር የተሠሩ ነበሩ። በውስጥ ኪሩቤል የተጠለፉበት ሐር መሰል ግምጃ፣ በውጭ የእረኛ ድንኳን። ከሩቅ ያየው ሰው የአንድ ከብት አርቢ መኖሪያ ነው ብሎ ያልፍ ነበር።

ታቦቱም እንዲሁ ነው። ርዝመቱ ሁለት ክንድ ተኩል፣ ወርዱና ቁመቱ አንድ አንድ ክንድ ተኩል። በውስጥም በውጭም በጥሩ ወርቅ ይለበጥ ተባለ፤ ከወርቁ ሥር ያለው ግን የበረሃ ግራር ነው። የግእዙ መጽሐፍ የጽርዑን ተከትሎ ግራር አይልም፣ የማይነቅዝ እንጨት ይለዋል። አባቶቻችንም ምሥጢር ያዩበት በዚህ አለመንቀዙ ላይ ነው። የእሑድ ውዳሴ ማርያም የድንኳኑን ዕቃዎች አንድ በአንድ እየጠራ፣ ታቦቱን፣ የመናውን መሶብ፣ መቅረዙን፣ ማዕጠንቱን፣ የአሮንን በትር ለእመቤታችን የሚሰጠው በዚሁ መንገድ ነው። እኔ ሁለቱንም ንባብ እወዳለሁ። የማይነቅዘው እንጨት ምሥጢሩን ይነግረኛል፣ ግራሩ ደግሞ ምሥጢሩ ከማን ደጃፍ እንደተወሰደ ይነግረኛል። እሾህ ያለው፣ ግመልና ፍየል የሚቀነጥበው፣ ለማገዶ የምንቆርጠው ዛፍ የቃል ኪዳኑ ማደሪያ ሆነ።

በእኛ አገር ምልክት ከወርቅ ብቻ እንዳልተሠራ ለማየት ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሰቆጣ መምጣት ይበቃል። ነሐሴ 16 ልጃገረዶቹ ሻደይ የሚባለውን ለምለም ቄጠማ ወገባቸው ላይ አስረው መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ከዚያ ጨዋታው ይጀመራል። አንዳንድ አባቶች ነገሩን ከኖኅ ርግብና ከለመለመው ቅጠል ጋር ያገናኙታል፤ ሌሎች በመሳፍንት መጽሐፍ በየዓመቱ አራት ቀን ከምትታሰበው ከዮፍታሔ ልጅ ጋር። ቄጠማው በሳምንት ይጠወልጋል፤ ምልክትነቱ ግን ለከርሞ ይደርሳል።

ወደ ድንኳኑ ልመልስዎ። ብዙ ሰው ሰባቱን መብራት፣ አሥራ ሁለቱን የገጹን ኅብስት፣ በሊቀ ካህናቱ ደረት ላይ የነበሩትን አሥራ ሁለት የከበሩ ድንጋዮች ያውቃል፤ እዚያ ላይ አልዘገይም። እኔን የሚገርመኝ ማዕድኑ የተደረደረበት ሥርዓት ነው። የአደባባዩ ምሰሶዎች እግር ናስ ነው። የድንኳኑ ሳንቃዎች እግር ብር ነው። በውስጥ ያሉት ዕቃዎች ወርቅ ናቸው። ፊደል የማያውቅ ሰው እንኳ ምን ላይ እንደቆመ ከሚያብለጨልጨው ነገር ይረዳ ነበር። የእኛም ክብ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ ሲከፈል ያንኑ ይናገራል፤ በእያንዳንዱ ደፍ ላይ ማን እንደሚቀርና ማን እንደሚያልፍ ይታወቃል። የሊቀ ካህናቱ ቀሚስ ዘርፍ ላይ ሻኩራ የተሰቀለው ሲገባና ሲወጣ ድምፁ እንዲሰማ፣ እንዳይሞትም ነው። ዛሬ በጽናው ሰንሰለት ላይ የሚንሿሿውን ሻኩራ ሲሰሙ ያ የጥንቱ ፍርሃት አብሮት እንዳለ ያስቡ።

አሁን ወደ እጣኑ። ብዙዎቻችን እጣን ማለት ወደ ላይ የሚወጣ ጸሎት ነው ብለን እናቆማለን። ይህ እውነት ነው፤ መዝሙረኛውም የዮሐንስ ራእይም ይህን ይመሰክራሉ። ኦሪት ዘሌዋውያን 16ኛው ምዕራፍ ላይ ግን ሌላ ነገር አለ። ሊቀ ካህናቱ በዓመት አንድ ቀን፣ በስርየት ቀን፣ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ሲገባ በፍሙ ላይ እጣን ይጨምራል፤ ጭሱም የስርየት መክደኛውን ይሸፍነዋል፣ እርሱም አይሞትም። እዚህ ላይ ጭሱ መጋረጃ ነው። ሰው ወደ እግዚአብሔር የሚቀርብበት ነገር ራሱ ዓይኑን የሚጋርድለት ነው። ካህኑ ከመንበሩ ፊት ሲያጥን እኔ ከቅኔ ማኅሌት ቆሜ ጭሱ ሲከብበው አየዋለሁ፤ ለአፍታ አይታየኝም። ድሮ ይህን አለማየት እንደ ጉድለት እቆጥረው ነበር። አሁን ሥራው እሱ መሆኑን አውቄያለሁ።

የኦሪት ሕግ የዚህን እጣን ቅመም እንኳ ለሌላ ነገር አትሥሩ ብሎ አጥሮታል። አራት ነገሮች በእኩል ሚዛን ይቀመማሉ፤ ለራሱ ሊያሸትተው የሠራ ከወገኑ ተለይቶ ይጥፋ ተብሏል። ቅመሙ ተጠበቀ። ዛፉን ማን ይጠብቀው? ይህን ጥያቄ እባክዎ ለጥቂት ጊዜ ይያዙልኝ።

እስከዚያው ወደ ታቦቱ ልመልስዎ። ታቦተ ጽዮን ኢትዮጵያ ውስጥ እንዳለ ከአገር ውጭ ሰው ከጻፋቸው ጥንታዊ ምስክርነቶች አንዱ የመጣው በዛጉዌ ዘመን መሆኑን ያውቁ ኖሯል? የዋግ ሹሞች ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከዛጉዌ ነገሥታት ነው፤ ስለዚህ ለእኛ ጉዳዩ የቤት ጉዳይ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግብጻዊው አቡ አል መካሪም ስለ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት በጻፈው መጽሐፍ የሐበሻ ሰዎች ታቦቱ በእጃቸው እንዳለ፣ በዓመት አራት ጊዜ ቅዳሴ እንደሚቀደስበት ይተርካል። ቁመቱን እስከ ሰው ጉልበት ይለዋል። በወርቅ ተለብጧል ይላል። ክዳኑ ላይ ግን የዘረዘረው ኪሩቤልን አይደለም፤ የወርቅ መስቀሎችና አምስት የከበሩ ድንጋዮች ናቸው፣ አራቱ በየማዕዘኑ፣ አንዱ መካከል።

መስቀል ያለበት ታቦት! አንዳንድ ምሁራን በዚህ ተነሥተው ጸሐፊው ያወራው ስለ መንበረ ታቦት መሆን አለበት ይላሉ፤ በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም በንጉሡ ስም የተቀረጸባቸው ከእንጨት የተሠሩ መናብርት እስከ ዛሬ አሉ። እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ ዳኛ አልሆንም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ አባቶቻችን የኦሪትን ዕቃ ሲረከቡ እንደ ሙት ቅርስ ሣጥን ውስጥ አልቆለፉትም። ቀደሱበት፣ መስቀል አኖሩበት፣ በየደብሩ አበዙት። ዛሬ ታቦት የምንለው በሣጥኑ ውስጥ የነበረውን ጽላት ይመስላል፤ ሣጥኑን የሚመስለው መንበሩ ነው። ታቦቱ በሜሮን ከብሮ በመንበሩ ላይ ካልተቀመጠ ሕንፃው ምን ቢያምር ቤተ ክርስቲያን አይባልም። ከሰቆጣ አጠገብ ካለው ከውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ከአንድ ዐለት ከተፈለፈለው ጀምሮ ቆላ ላይ እስካለችው የሣር ክዳን አጥቢያ ድረስ ልዩነት የለውም።

ስለ መሎጊያዎቹ ሳልነግርዎ ማለፍ አልችልም። ታቦቱ በአራት ቀለበቶች ሁለት መሎጊያ ነበረው፤ መሎጊያዎቹም ከቀለበቶቹ ከቶ እንዳይወጡ ታዟል። መቅደስ ገብቶ ካረፈ በኋላ እንኳ! ሌላ ዕቃ ሥፍራው ሲደርስ መሸከሚያው ይነሣለታል። ይህ ግን ሁልጊዜ ለመንገድ እንደተዘጋጀ ነው። ለሌዋውያን ለሌላው ዕቃ ሠረገላ ሲታደላቸው የቀዓት ልጆች ግን ንዋያተ ቅድሳቱን በትከሻ እንጂ በሠረገላ እንዳይጭኑ ተደረገ። ዖዛ የሞተው ታቦቱ በበሬ ሠረገላ ተጭኖ በሬዎቹ ሲፋንኑ እጁን ሲዘረጋ ነው። ስሕተቱ የጀመረው ከእጁ ሳይሆን ከሠረገላው ነው ብዬ አምናለሁ። የተቀደሰ ነገር የሰው ሸክም መሆን አለበት፤ ክብደቱ በሰው አጥንት ላይ ማረፍ አለበት። ጥር 10 ቀን ከተራ ሲደርስ ካህኑ ታቦቱን በመጎናጸፊያ ሸፍኖ በራሱ ተሸክሞ፣ ድባቡ ተዘርግቶለት፣ ሕዝቡ በእልልታ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርድ፣ ታቦቱም ሌሊቱን በድንኳን ሲያድር የምናየው ይህንኑ ነው። ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ መቋሚያው ሁሉ ዳዊት በታቦቱ ፊት ካሸበሸበበት ቀን ይቀጥላል። በጥንት ዘመን የተጻፈውን ለመረዳት እኛ ቤተ መዘክር መግባት አያስፈልገንም፤ ጥር 10 ቀን ጫማ አውልቆ መከተል ይበቃናል።

ለዚህም ነው የለንደኑ ነገር የሚያመኝ። በብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት አሉ፤ አብዛኞቹ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የተዘረፉ ናቸው። ሙዚየሙ ራሱ ክብራቸውን አውቆ ለእይታ አያወጣቸውም፣ ሠራተኞቹም አያጠኗቸውም፤ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። ሰው እንዳያያቸው መደረጉ ደግ ነው። ግን ታቦት ካህን የሚገባበት፣ በዓመቱ የሚወጣ፣ ስም የሚጠራበት ነገር ነው። እዚያ የሚሸከማቸው ራስ የለም። የእንግሊዙ አዛዥ የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲያልፍ በላስታና በዋግ የነበረው ገዥ የእኛው ዋግሹም ጎበዜ ነበር፤ አላገደውም። አባቱን ዋግሹም ገብረ መድኅንን አፄ ቴዎድሮስ ሰቅለውበት ነበርና ልቡን እረዳለሁ። ጦሩ ሲመለስ ምን ይዞ እንደሚሄድ ግን ያኔ ማን አሰበ? እኛ የዋግ ልጆች በዚህ ጉዳይ ዝም ለማለት ከሌላው ያነሰ መብት ያለን ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2002 በኤድንብራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ ታቦት ወደ አገሩ ተመልሷል። የዌስትሚኒስተር አቢም በእጁ ያለውን ለመመለስ በመርህ ደረጃ መስማማቱን እ.ኤ.አ. በ2024 አስታውቋል። ስለዚህ የማይቻል አይደለም።

ዕቃው ሲጠፋስ? እስራኤል ይህን ቀምሰዋል። ከባቢሎን ምርኮ በኋላ በተሠራው በሁለተኛው መቅደስ ታቦቱ አልነበረም። ሮማዊው ጦር አዛዥ ፖምፔ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ63 ዓመት በግድ ወደ ቅድስተ ቅዱሳኑ ገብቶ ሲያይ ባዶ ክፍል ነበር ያገኘው። ባዶውን ክፍል ግን በመጋረጃ ጋርደው፣ በፊቱ እያጠኑ አክብረውት ኖረዋል። በአገራችንም ቤተ እስራኤል ታቦት ሳይኖራቸው መስጊድ በሚሉት የጸሎት ቤታቸው ኦሪትን ይዘው፣ በግእዝና በአገውኛ እየጸለዩ፣ በሲግድ ቀን ኦሪቱን ተሸክመው ተራራ እየወጡ ሃይማኖታቸውን ለዘመናት ጠብቀዋል። ጽላቱ ቢጠፋ ቃሉ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። እጣኑ ሲጠፋ ግን የሚጤሰው ነገር የለም።

እንግዲህ ያቆዩልኝን ጥያቄ ይመልሱልኝ። የእጣን ዛፍ እየጠፋ ነው። በ2011 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን 23 የእጣን ዛፍ ሥፍራዎችን ተመልክቶ፣ በአብዛኞቹ ቦታዎች ወጣት ዛፍ እንደሌለ፣ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለም በ20 ዓመት ውስጥ የሚገኘው ምርት በግማሽ እንደሚቀንስ ደምድሟል። የቆመው ሁሉ አሮጌ ነው። ችግኙ ገና ብቅ ሲል ከብትና ፍየል ይበላዋል፣ ሰደድ እሳት ያቃጥለዋል። ግንዱ ደግሞ በበጋ በየጥቂት ሳምንቱ እየተፋቀ፣ ቁስሉ ሳይሽር እንደገና እየተከፈተ፣ ለዘር የሚሆነው ጉልበት በሙጫ ያልቃል። ያረፈ ዛፍ የሚያፈራው ዘር ብዙና ብርቱ እንደሆነ፣ ያላረፈው ግን ዘሩ ደካማ እንደሆነ ተጠንቷል። በዚህ ላይ የሰሜኑ ጦርነት የአበርገሌን ሰው ከቀዬው አፈናቅሎት ነበር። ነገ የሚበላውን ያጣ ሰው ዛፉን ሳላደማ ላሳልፈው ይላል ብዬ አልጠብቅም፣ አልፈርድበትምም።

የምፈርደው በእኛ ላይ ነው፤ በምናጥነውና በምናሸተው። በደጋው ያለውን ይመልከቱ። በየአጥቢያው ቅጥር ግቢ ጥዱና ወይራው ለዘመናት ቆሟል፤ ዙሪያው ሁሉ ራቁቱን ሲቀር የቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ተርፏል። ሕግና ዘበኛ አላተረፈውም፤ የታቦቱ ጥላ ነው ብለን ስለምናምን ነው። ያን ያህል ክብር ለጥላው ዛፍ ከሰጠን፣ በየቅዳሴው ለሚነድደው ዛፍ ለምን ነፈግነው? ምስጢሩን በቃላችን የምናጠናው ጽና ውስጥ የሚገባው ነገር የአንድ ገበሬ ተረተር ላይ የቆመ፣ የሚቆስል፣ የሚያረጅ፣ ልጅ የሚያስፈልገው ፍጥረት ነው።

ስለዚህ ይህን እለምንዎታለሁ። የደብር አስተዳዳሪ ከሆኑ፣ እጣን ሲያስገዙ ከየትኛው ቆላ እንደመጣ ያጣሩ፣ ለስብከትም አንድ እሑድ ስለ ዛፉ ይስጡት። የቆላው አጥቢያ ካህን ከሆኑ፣ በደጋው እንደምናደርገው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አጠገብ አንድ ጥግ ይከልሉ፣ ፍየል አይግባበት፣ ብረትም አይንካው። የወረዳ ሠራተኛ ከሆኑ፣ ዛፉን ለሚያሳርፍ ገበሬ በዚያ ዓመት ምን እንደሚበላ አስቀድመው ያስቡለት፤ ያለዚያ ዕረፍት የሚለው ቃል ለእሱ ረኃብ ማለት ነው። በዲሲ ወይም በለንደን የሚኖሩ ከሆኑ ደግሞ የታቦታቱን ነገር ለሚወክሉዎ የምክር ቤት ሰዎች ደጋግመው ይጻፉ።

ምንም ካልሆኑም፣ እንደ እኔ ተራ ምእመን ከሆኑ፣ በሚመጣው እሑድ እጣን ሲገዙ ነጋዴውን ይጠይቁት፦ ይህ ከየት መጣ? ዛፉስ መቼ ነው ያረፈው?

አክባሪዎ፣
ከሰቆጣ